በእንግዳ አመካኝቶ

አበው «በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ» ያሉት በዘመናቸው የኮሌስትሮል ምርመራ ስላልነበረ ነው። ዛሬ ቢሆን ኖሮ ልጁን ትተው እንግዳውን ያነሱ ነበር። ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ አባወራ ባለበት ቤት ሁሉ ሐኪም የደነገገው፣ ሚስት የምታስከብረው አንድ ሕግ አለ። ቅቤ የለም። ጨው የለም። ቀይ ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ፣ እሱም ቀምሶ መመለስ ነው። ሕጉ ክረምት ከበጋ ይሠራል፤ የሚታገደው እንግዳ የመጣ ዕለት ብቻ ነው። «እንግዳ ፊት ጎመን ብቻ ይቀርባል እንዴ? ምን ይሉናል?» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ሐኪሙ ዓመታት የደከመበትን ትምህርት በአንድ ጀምበር ከንቱ ታስቀረዋለች። እንግዲህ የቆየ ወዳጃችሁ ደውሎ «ናፍቃችሁኛል፣ ምነው ብቅ ብትሉ?» ካላችሁ፣ የናፈቀው እናንተን ይሁን እናንተን ተከትሎ ከጓዳ የሚወጣውን ቅቤ ለመወሰን አትቸኩሉ።

እኔ ይህን የተማርኩት ዘንድሮ፣ ከፋሲካ በኋላ የድሮ ጓደኞቼን ልጠይቅ ወደ ደቡብ ስወርድ ነው። የነገሩ ሥር ግን ዶርም ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ከየአቅጣጫው የመጣን ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ በድርብ አልጋ ተደራርበን እንተኛ ነበር። መብራት ከጠፋ በኋላ ጎረምሶች የሚያወሩት ስለ ሴት ብቻ የሚመስለው ሰው የካፌ ሽሮ በልቶ የማያውቅ ነው። እኛ የምናወራው ስለ ምግብ ነበር። የቡታጅራው ልጅ ክትፎ ሲከትፍ ያመሻል፤ የሆሳዕናው አተካና ያማስላል፤ የሶዶው በሬ ይጥላል፤ ከዶርዜ የመጣው ዝምተኛ ስለነበር «ቆጮ በማር» ብሎ ብቻ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል። አንድ የጎጃም ልጅም ነበር፤ ጤፍ ያልገባበትን ሁሉ ከምግብ የማይቆጥር። እኔና ዛሬ መኪና የሚነዳልኝ ጓደኛዬ የአዲስ አበባ ልጆች ስለሆንን ለክርክሩ የምናዋጣው አገር አልነበረንም፤ በጨለማ ምራቃችንን እየዋጥን እንሰማለን። ክርክሩ ሁልጊዜ የሚያልቀው «እኛ አገር ና፣ ያኔ ታያለህ!» በሚል ዛቻ ነበር።

ምርቃት መጣ፣ ምደባ መጣ፣ ሰርግ፣ ልጅ፣ የቤት ኪራይ መጣ። «ና» የተባለው ሳይሄድ ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ። በመጨረሻ ስንነሳ ጋባዥም ተጋባዥም በሐኪም ቁጥጥር ሥር ውሏል።

ወቅቱን የመረጠው ሾፌሩ ነው። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ስለሆነ ሳያሰላ አይንቀሳቀስም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ስለዚህ በመንገድ ላይ በከንቱ የሚያልፍ ቀን የለም። የበልጉ ዝናብ አገሩን አለምልሞታል፤ ማንጎውም ደርሷል። መኪናው ዲኤክስ ነው። ስለ ዲኤክስ ብዙ አልልም፤ ዕድሜዋን ትደብቃለች፣ ዳገት ላይ ግን አታሳፍርም።

ችግሩ ሾፌሩ ራሱ ነበር። ደም ግፊት አለበት። ልንነሳ ስንል ባለቤቱ በመስኮት በኩል እጄን ያዘችና «ወንድምዓለም፣ አደራ» አለችኝ። «ጨው እንዳይነካ። ቅቤ እንዳይነካ። ኪኒኑን ማታ ማታ አስታውሰው።» ቀጥላም ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ የምሳ ዕቃ ጭኔ ላይ አስቀመጠች፤ ጨው ያልነካው ቅቅል ድንችና ካሮት። «መንገድ ላይ ሲርበው እሱን ይብላ።» ሾፌሩ ፊት ለፊት እያየ ሞተሩን አስነሳ። አደራ ድሮም ከባድ ነው፤ ድንች ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ከዓለም ገና የሚታጠፈው የቡታጅራ መንገድ የአዲስ አበባን ግርግር ቶሎ ያስረሳል። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደተሄደ መልካ ቁንጡሬ አለ። የድንጋይ ዘመን ሰዎች እዚያ አዋሽ ዳር ጉማሬ ሳይቀር በድንጋይ ቢላ ይበልቱ እንደነበር ተቆፍሮ የወጣው አጥንት ይመሰክራል። ከጎረቤቱ ከባልጪት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጥሬ ሥጋ ማን ጀመረው ብሎ የሚከራከር ካለ ወደዚያ ይሂድ፤ ሉካንዳው ከማንኛችንም አያት ይቀድማል። አለፍ ብሎ ጢያ ነው፤ 36 ትክል ድንጋዮች የቆሙበት፣ በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ የተቀረጸበት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገበው። ወርደን ልናይ አስበን ነበር። ሾፌሩ ሰዓቱን አየና «ትክል ድንጋይ ይጠብቃል፤ ክትፎ ግን ይቀዘቅዛል» አለ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

ቡታጅራ መግቢያ ላይ ጓደኛችን በባጃጆች መሐል ቆሞ ጠበቀን። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ሆዱ መጥቷል፤ ሳቁ ግን የዶርሙ ነው። ተቃቅፈን ሳንለያይ በጆሮዬ «ስትገባ ‹ክትፎ አምሮኛል› በል፤ ጮክ ብለህ» አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ፊት ለፊት የነገረኝ የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። የእናቴን ጤና የጠየቀኝ በኋላ ነው።

ገባሁና ጮክ ብዬ አልኩ። ባለቤቱ ፈገግ አለች። «ለእናንተማ ተዘጋጅቷል። እሱ ጎመኑን ነው የሚበላው፤ ኮሌስትሮሉ እዚህ ደርሷል» ብላ እጇን ወደ ኮርኒሱ አነሳች።

ክትፎውን የከተፉት አክስቱ ናቸው። እኔም በርጩማ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማሽን የሚባል ነገር እዚያ ቤት አይገባም። ሥጋው የዕለቱ ነው፤ ጮማ ያልነካው ቀይ። በቢላዋ ጫፍ ነጭ ጅማቱን አንድ በአንድ እየሳቡ ለድመቷ ይወረውራሉ። ከዚያ እንጨት መክተፊያው ላይ ቢላዋው ይወርድበታል፤ ሳይቸኩሉ፣ እያገላበጡ፣ ያመለጠ ጅማት ሲያገኙ እያቆሙ። በሌላ ወገን ቅቤው በለስላሳ እሳት ይቀልጣል፤ ኮረሪማና ኮሰረት ቤቱን ሞልቶታል። «ከፈላ ሥጋውን ያበስለዋል፣ ከቀዘቀዘ ይረጋበታል። ጣት የሚችለው ሲሆን ነው» አሉና ጣታቸውን ነክረው አሳዩኝ። ቅቤውና ሚጥሚጣው ከሥጋው ጋር ተለወሱ። ኮባ በተነጠፈበት ጣባ ክትፎው፣ ከጎኑ አይቡ፣ ከጎኑ ጎመኑ፣ ከዚያ ስስ ተደርጎ የተጋገረ ቆጮ ቀረበ። «ለብለብ ይሁንላችሁ ወይስ ጥሬውን?» የሚል ጥያቄ አልቀረበም። አክስትየው ክትፎ እሳት ሲነካ የሚያዩት በዓይነ ሥጋ ሳይሆን በዓይነ ኅሊና ነው፤ እሱንም አይወዱትም።

ቀጥሎ የሆነውን የሕግ ሰዎች ቢያጠኑት ደግ ነው። ጓደኛችን ለሕጉ ታማኝ ነው፤ እጁ ክትፎው ላይ አላረፈም። ጎመኑን ጠቅልሎ አጎረሰኝ። ያጎረሰን ሰው መልሶ አለማጉረስ ነውር ነው። እኔ ፊት ያለው ደግሞ ክትፎ ስለሆነ በክትፎ መለስኩ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተብሏልና ደገምኩ። ሚስቱ ስታፈጥበት፣ ጉንጩ እንደሞላ «ምን ላድርግ፣ የእንግዳ እጅ ይመለሳል?» አለ። ሐኪሙ አትብላ አለ እንጂ አትጉረስ አላለም። ሾፌሩም ይህን አይቶ ተስፋ ባለው ዓይን ተመለከተኝ። እኔ ግን አደራ አለብኝ። በእሱ በኩል ያለውን ክትፎ ወደ ራሴ እየሳብኩ፣ ድርሻውን እየበላሁ፣ ከአደጋ ጠበቅኩት። አደራ በላ የሚለኝ ካለ የበላሁት ክትፎውን ብቻ ነው።

ስንወጣ የቤቱ እመቤት ወደ ጎን ሳበችኝና «አንተን ይሰማሃል፤ እባክህ ምከርልኝ፣ አደራ» አለችኝ። አደራዬ ሁለት ሆነ።

ከዚያ በስልጤ ምድር በወራቤ በኩል ሆሳዕና ገባን። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ጓደኛችን እንደሚለው ከሁሉ ቀድሞ ያደገው የቤት ኪራዩ ነው። የደረስነው እስከ ጉሮሯችን ሞልተን ስለነበር ገና በር ላይ «በልተን ነው የመጣነው» አልኩ። ሚስቱ አየችኝ። «የት?»

«ቡታጅራ።»

«ቡታጅራማ መንገድ ነው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

የሆሳዕናው ጓደኛችን ስኳር አለበት። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ተመራማሪ ይሆናል። ትንሿን መለኪያ አወጣ፣ ጣቱን ወጋ፣ ቁጥሩን ለባለቤቱ፣ ለልጆቹ፣ ለእኛ እያዞረ አሳየ። «አያችሁ? ምንም አይልም!» ይህ ከመብላቱ በፊት ነው። ከበላ በኋላ ይለካ ያለ ሰው አልነበረም፤ እሱም አላስታወሰንም።

አተካና ከቡላ ነው የሚሠራው፤ ቡላ ነው ብሎ ማለፍ ግን ግፍ ነው። ቡላው በቅቤ እየታሸ፣ ወተቱንና አይቡን እየጠጣ፣ ክንድ እስኪዝል ይማሰላል። ሲቀርብም የነጠረ ቅቤ ይፈስበታል። ማንኪያው ሲገባ የሚከለክለው የለም፤ አፍ ውስጥ ደግሞ ጥርስ ሥራ ይፈታል። እኔ ብዙ ቅባት ወዳድ ሰው አይደለሁም፤ ሦስተኛውን ማንኪያ ካነሳሁ በኋላ ግን ይህን ለመናገር ድፍረት አጣሁ።

ጓደኛችን ሚስቱ እንዳታቋርጠው እየበላ ትምህርት ጀመረ። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይጠበቃል። ከዚያ ይፋቃል፤ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላና ቆጮ ይሆናል። ሲጨመቅ ከሚወርደው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ነው። ዝናብ ሲጠፋ፣ ሌላው አዝመራ ሲከዳ፣ እንሰት ከጓሮ ይገኛል፤ ሐዲያው፣ ጉራጌው፣ ከምባታው፣ ሲዳማው፣ ጋሞው በእሱ ክፉ ቀን አልፏል። ይህን ሁሉ በኩራት አብራራ። ባለቤቱ ሳህን እያነሳች «አንተ አንድ ቀን ፍቀህ ታውቃለህ?» አለችው። ጸጥ አለ። የሚፍቁት፣ የሚጨምቁት፣ የሚቀብሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ወንዶቹ ቃል አቀባዮች ናቸው። ያን ማታ ስለ እንሰት ከተነገረው ሁሉ ትክክለኛው የእሷ ጥያቄ ነበር።

እሷም ጠዋት ስትሸኘን አደራዋን ሰጠችኝ። መቀበል ለምጄ ስለነበር ዝርዝሩን እንኳ አልጠየቅኩም።

ወደ አረካ ስንወርድ ጎማ ፈነዳ። ጎሚስታው እጁ እስከ ክርኑ የጠቆረ ወጣት ነበር፤ ሥራውን ያውቃል። ሾፌሩ ምን እንደነካው እንጃ፣ የምሳ ዕቃውን ከፍቶ ጋበዘው። ልጁ አንድ ድንች ገመጠና ማኘኩን አቆመ። ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። «ጨው ረስታችኋል» አለ፣ ችግራችን እንደገባው ሰው በሚያዝን ድምፅ። ቢሆንም ከጓደኞቹ አንዱ ሚጥሚጣ ይዞ መጣና ካሮቱን ጨምረው ጨረሱት። ለጎማው ሲከፈል ድንቹ አልታሰበልንም።

ወላይታ ሶዶ የሥጋ አገር ናት። ወላይታ ለጊፋታና ለመስቀል በሬ የሚገዛበትን ገንዘብ በማኅበር ሆኖ አስቀድሞ ነው የሚያጠራቅመው፤ ቀኑ ሲደርስ ቅርጫው ይወርዳል። እዚህ ያለው ጓደኛችን ጨጓራ አለበት፤ ከዚያም የባሰ፣ ሚስቱ ነርስ ናት። ስለዚህ ቤት አልወሰደንም። ቀጥታ ሉካንዳ። በመንገድ ላይ ስለ ነፃነት ብዙ ተናገረ፤ «ዛሬ እንግዳ አለኝ፣ ዛሬ ማንም አያዘኝም» እያለ ደረቱን መታ። ከበሩ ስንገባ ነጭ ጋወን የለበሰው ሥጋ ቆራጭ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለንና ወደ እሱ ዞረ። «ለእርስዎ ያለ ዳጣ ነው፣ ጋሼ። ሲስተር ደውላ ነበር።»

ሰው በገዛ ከተማው እንዲህ ሲታሠር አይቼ አላውቅም።

ዳጣ ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከቅመማ ቅጠሉ ጋር ድንጋይ ላይ አንድ ላይ የሚፈጭ ነው። ሽታው ከአፍ በፊት አፍንጫ ላይ ይደርሳል። ከሻኛው፣ ከጎድኑ ተመረጠ፤ ሥጋው በትሪ መጣ፤ ቢላዋዎቹ መጡ። ትንሽ ቆርጦ ዳጣ ውስጥ መንከር ነው። መጀመሪያ ሥጋው ይጣፍጣል፣ ከዚያ ምላስ ይነቃል፣ ከዚያ ጆሮ ይግላል፤ ውኃ ልጠጣ ሲሉ ደግሞ እጅ ሳይታዘዝ ወደ ትሪው ይመለሳል። ጓደኛችን ሥጋውን ባዶውን እያኘከ የእኛን ዳጣ በዓይኑ ተከተለ። «ዝንጅብል እኮ ለጨጓራ መድኃኒት ነው» አለ ቀስ ብሎ። እኔም አስተናጋጁን ጠርቼ «ለእኔ ዳጣ ድገመኝ» አልኩት። አሁንም ድገመኝ አልኩት። «ጋሼ ዳጣ ይችላሉ!» ብሎ አደነቀኝ። የሚችለው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እንባውን በመሐረብ ይጠርግ ነበር፤ የደስታ ይሁን የቃሪያ አልለየሁም።

ሾፌሩ በዚህ ጊዜ እጁን አነሳ፤ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰው። «ጥያቄ አለኝ። ጥሬ ሥጋ ላይ ጨው አለ?»

«የለም።»

«ቅቤ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው አደራው ይህን አይመለከትም።» ቢላዋውን አነሳ። አርባ ዓመት ያህል ሒሳብ ካስተማረ ሰው ጋር ክርክር አይገጠምም። ቀዩን እሱ ወሰደ፣ ጮማውን እኔ፤ በዚህም አደራዬን በከፊል አስጠበቅኩ። አባቶቻችን እንዲህ ከበሉ በኋላ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ኮሶን ያየ ሰው ዛሬ በኪኒን የሚያልፈውን ነገር ሲያስብ ለመድኃኒት ቀማሚዎች ሐውልት አለመቆሙ ይገርመዋል።

ከሶዶ በሁምቦ አልፎ ምዕራብ ዓባያ ሲገባ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሹራብ ይወልቃል። ሙዝ በየመንገዱ ዳር፣ ማንጎ በየዛፉ ጥላ። ሾፌሩ ላንቴ ላይ አንድ ዘለላ ሙዝ ገዝቶ አርባ ምንጭ ሳንገባ ጨረሰው፤ ሙዝ ለግፊት ይመከራል ብሎ። ይህ እንኳ እውነት ነው።

አርባ ምንጭ ላይ የተቀበለን ያ ጤፍ አምላኪ የጎጃም ልጅ ነው። መምህር ሆኖ ሲመደብ «ለአንድ ሁለት ዓመት» ብሎ መጥቶ የጋሞ ልጅ አግብቶ ቀረ። ሪህ ይዞታል። ነጠላ ጫማ አድርጎ በአውራ ጣቱ እየተጠነቀቀ ይራመዳል። ከፍታው ላይ ወስዶ ሁለቱን ሐይቆች አሳየን፤ ዓባያ በደለል ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ፣ በመሐላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ጥምዝ ኮረብታ። ዕይታው ሊጠገብ የማይችል ነው። እሱ ግን በልቡ ሌላ ነገር ስለነበረው ቶሎ አስወረደን።

«ሐኪሙ ሥጋ ተው አለኝ፤ ተውኩ» አለ ዓሣ ቤት ቁጭ እንዳልን። «ዓሣ ሥጋ ነው?» እንኳን ሐኪም፣ አባቶችም በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ኖረዋል። እኔም የእምነትን ነገር ለሊቃውንት ብዬ ዝም አልኩ። ኮተሌቱ መጣ፤ ሰፊ፣ ወርቃማ፣ ጠርዙ ከሳህኑ የተረፈ። ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይተናል። ሎሚ፣ ዳጣ፣ ዳቦ። ጎጃሜው በዝምታ በላና በመጨረሻ «ጤፍ የለውም፣ ግን ይሁን» አለ። ከሠላሳ ዓመት ክርክር በኋላ የተሰማ የመጀመሪያ ሽንፈት ነበርና ሾፌሩ በስልኩ ልቅረጸው ቢልም ጎጃሜው «ድገመው» ሲባል እምቢ አለ።

ማታ ቤቱ ስንገባ ባለቤቱ ኩርኩፋ በሐላኮ ሠርታ ጠበቀችን። ሐላኮ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለው ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ከበቆሎ ዱቄት ከተድቦለቦለው ኩርኩፋ ጋር ይቀቀላል። ቅቤ አይጠይቅም፣ ጨውም ብዙ አይሻም። የዓሣውን ነገር ባልየው ባይነግራትም ከልብሱ ሽታ አውቃለች፤ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተገናኝተን ዝም ተባባልን። ሾፌሩ በዚህ ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳያስፈቅድ በላ፤ ጨመረም። ስለ ጤና የሚጽፍ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «ከሁሉም የበለጠው ይህ ቀላል የገበሬ ምግብ ነበር» ብሎ ይዘጋው ነበር። ጣፋጭ ነው፤ ሆድ ያሳርፋል። ግን እውነቱን እንነጋገር፦ ክትፎው ይበልጣል።

የቀረን ዶርዜ ነበር፤ ጓደኛችን ግን እዚያ የለም። ያ ዝምተኛ ልጅ ከቆየ ጀምሮ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። የሄድነው እናቱን ልንጠይቅ ነው። ከአርባ ምንጭ ቆላ ወደ ጨንቻ ደጋ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ በየጥምዛዙ ሕፃናት መኪና ሲያዩ እየዘለሉ ይጨፍራሉ። ያወለቅነውን ሹራብ መልሰን ለበስን። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የተሠራ፣ የዝሆን ራስ የመሰለ ረጅም ነው፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው በየዓመቱ ያጥራል እንጂ ቶሎ አይፈርስም። ሲያሻም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የምንገዛው የሽመና ጥበብ ምንጩ እዚህ ነው።

እማማ አማርኛ ብዙ አይሆንላቸውም፤ የልጅ ልጃቸው ታስተረጉማለች። በኮባ ተጠቅልሎ የተጋገረ ትኩስ ቆጮ ቀረበ፤ ከግራ ማር፣ ከቀኝ ዳጣ። በአንዱ ይነከራል፣ በሌላው ይነከራል፤ ያ ልጅ ለምን በሁለት ቃል ብቻ እንደሚከራከር ያኔ ገባኝ። ከዚህ በላይ የሚጨመር ቃል የለም። ልጅቱ በስልኳ ቪዲዮ ደወለችለት። እሱ ዘንድ ገና ጠዋት ነው፤ ሥራ ሊገባ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ሰላምታውን በሩጫ ጨረሰና «ቆጮውን አሳየኝ» አለ። አሳየሁት። «ገነጠል አድርገው። እንፋሎቱ ይታይ። አሁን ማር። አይ፣ ወደ ካሜራው አስጠጋው።» አንድ ቁራጭ ለመብላት ከአንድ ፊልም ሠሪ ጋር ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

«አንተስ ጤናህ?» አልኩት።

«ሐኪሜ ሁሉንም ብላ ብሎኛል። ስኳር የለ፣ ግፊት የለ፣ ሪህ የለ።»

ከሁላችንም ጤነኛ እሱ ሆኖ ተገኘ። ክትፎስ እዚያም ሞልቷል፤ ቆጮም በረዶ ሆኖ ይመጣል ይላል። እማማ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው አንድ ነገር ጠየቁት። ልጅቱ «ቁርስ በልተሃል ወይ? ነው የሚሉህ» ብላ ተረጎመች። እሱ በጋሞኛ መለሰ፤ መልሱን አልተረጎመችልንም። ኔትወርኩም ተቋረጠ። እማማ የልጃቸውን ድርሻ ቆርሰው ለሾፌሩ አጎረሱት፤ ማሩም ዳጣውም ነበረበት። ይህን እንኳ ከእጃቸው ልቀማ አልሞከርኩም።

ያን ጊዜ ነው የሾፌሩ ባለቤት የደወለችው፤ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ። «ወንድምዓለም፣ ድንቹን በላ?»

«ድንቹ አልቋል» አልኳት።

«እሰይ! ካሮቱስ?»

«ካሮቱም።»

እንዲህ ያለ መንገድ ለመውጣት የምታስቡ ካላችሁ የማውቀውን ልንገራችሁ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ጊዜ ይመቻል። ትርፍ ጎማ ያዙ፤ ነዳጅ ባገኛችሁበት ሙሉ፣ ወደፊት እናገኛለን አትበሉ። ለጨንቻ ሹራብ አትርሱ። ጓደኛችሁ በር ላይ በጆሮአችሁ የሚነግራችሁን ሰምታችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩለት፤ ሚስቱ የምትሰጣችሁን አደራም አክብራችሁ ተቀበሉ። «በልተን ነው የመጣነው» ለማለት ግን አትድከሙ፤ ከቡታጅራ ወዲያ የሚያምናችሁ የለም።